መብራቱ በርቷል፣ ውሃው ግን የለም

ጉርድ ሾላ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ተከራይቼ እኖራለሁ። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሌሊት ነው። ምድር ቤት ያለው ፓምፕ እየሳበ ጣራ ላይ ወደ ተደረደሩት ሮቶዎች ይገፋዋል። ፓምፑን የሚያዘው ደረጃው ሥር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የብረት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ከበራ ፓምፑ እየሠራ ነው ብለን ተኝተን እናድራለን።

አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ፤ ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። ጄኔሬተሮች ከየግቢው ሲያጓሩ ነቅቼ ወረድሁ። የሕንፃችን ዘበኛ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሣጥኑ ፊት ቆመዋል። አረንጓዴው መብራት ቦግ ብሏል።

“ጋሼ፣ ደህና ነው አይደል? እየሠራ ነው” አልኋቸው።

“ይሄ መብራት ይዋሻል ልጄ” አሉኝ። “እስቲ ና።”

ከፓምፑ አጠገብ ወስደው መዳፌን ሰውነቱ ላይ አስደገፉኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ንዝረት የለውም። ከዚያ በስልክ ባትሪ ደረጃውን እያበራን ጣራ ድረስ ወጣን። የመጀመሪያውን ሮቶ ከሥር ጀምረው ወደ ላይ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩት ጀመር። ውሃ ያለበት ቦታ ድምፁ ድፍን ነው፤ ይታፈናል። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን እንደ ከበሮ ይጮኻል። ያ ሮቶ ከሥሩ ጀምሮ ጮኸ። ሁለተኛውም ጮኸ። አምስት ሰዓት ሙሉ አረንጓዴ መብራት በርቶ አንድ ጀሪካን ውሃ አልወጣም።

በነጋታው የመጣው ቴክኒሻን ሣጥኑን ከፍቶ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጸው። መብራቱ የተያያዘው ከትእዛዙ ሽቦ ጋር እንጂ ከፓምፑ ጋር አይደለም። ሣጥኑ “ሥራ” ብሎ ሲያዝ ይበራል፤ ፓምፑ ይሥራ አይሥራ የሚያውቀው ነገር የለም።

ይህን ስሰማ ሐሳቤ የሄደው ወደ አሜሪካዋ ፔንስልቬንያ ነበር። የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋዎችን ታሪክ ማንበብ ከጀመርሁ ወራት ተቆጥረው ነበርና፣ የቴክኒሻኑ ቃል ቀድሞ ያነበብሁት ሆኖ ተሰማኝ።

ማንበብ የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የዓባይ ግድብ ሲመረቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቀጥለው ከሚመጡት ሥራዎች መካከል ለሰላማዊ ጥቅም የሚውል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫን ጠቀሱ። ከሁለት ሳምንት ጥቂት ቀን አለፍ ሲል፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ውስጥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዲዮን ጢሞቴዎስና የሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ የሮሳቶም ዋና ኃላፊ አሌክሲ ሊካቾቭ የሥራ ዕቅድ ሰነድ ተፈራረሙ። ለጨረራ እንግዶች አይደለንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቀደምት አባላት አንዷ ናት። ቃሊቲ ውስጥ ወንድ የቆላ ዝንብ በጨረራ ይመክናል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰርን በጨረራ ሲያክም ዓመታት አልፈዋል። ከተማ የሚያበራ የኒውክሌር ማብላያ (ሪአክተር) ግን ሌላ ነገር ነው። ማብላያው ቢጠፋ እንኳ ወዲያው አይበርድም። የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ምላሹ ከቆመ በኋላም ነዳጁ ለቀናትና ለወራት ሙቀት ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ውሃ ካላገኘ ራሱን ያቀልጣል። ስለዚህ የኒውክሌር አደጋ ነገሩ ሲጠቃለል የውሃ ጉዳይ ነው። ውሃው ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ይህንንስ በምን አወቅን?

እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ በሚገኘው የትሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ለሁለተኛው ማብላያ ውሃ የሚልኩት ፓምፖች ቆሙ። ማሽኑ ማድረግ ያለበትን አደረገ፤ ማብላያውን በሰከንዶች ውስጥ አጠፋ። ግፊቱ ስለጨመረ አንድ የማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ። ግፊቱ ሲወርድ መዘጋት ነበረበት፣ አልተዘጋም። ተጣብቆ ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ግን የቫልቩ መብራት ጠፋ፤ መጥፋቱ ደግሞ “ተዘግቷል” ማለት ነበር። ያም መብራት እንደ ጉርድ ሾላው ከትእዛዙ ጋር እንጂ ከቫልቩ ጋር አልተያያዘም። “ዝጋ” የሚለው ትእዛዝ መላኩን ተናገረ፤ መዘጋቱን ግን አላየም።

ቀጥሎ የሆነው ሰውና ማሽን ሲተላለፉ የሚደርሰውን ያሳያል። ማሽኑ የአደጋ ጊዜ ውሃ በራሱ ማስገባት ጀመረ። ተረኞቹ የሚያዩት መለኪያ ደግሞ ውሃው በዝቷል ይላል፤ በእንፋሎት አረፋ ተገፍቶ ከፍ ያለ ነበርና። ስለዚህ ማሽኑ ያስገባውን ውሃ ሰዎቹ ቀነሱት። ባልተዘጋው ቫልቭ ውሃው ሲያመልጥ፣ መቶ የሚበልጡ የማስጠንቀቂያ ደወሎች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ዋናውን ከተራው የሚለይ የለም። የሆነውን በወረቀት የሚያትመው ኮምፒውተር ከመብዛቱ የተነሣ ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ቀረ። ቫልቩን ተጠርጣሪ አድርጎ ከበስተጀርባው ያለውን መዝጊያ ያስዘጋው ፈረቃ ሊቀበል የገባ ሰው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ደወሉ ሲጮህበት ያልቆየ፣ በአዲስ ዓይን ያየ ሰው። አደጋው ከጀመረ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ሆኖት ነበር። የማብላያው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ 18 ወር ቀደም ብሎ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በተባለ ጣቢያ ተመሳሳይ ቫልቭ ተጣብቆ ነበር። እዚያ ተረኞቹ በሃያ ደቂቃ አካባቢ ደረሱበት። ትምህርቱ ግን ፔንስልቬንያ ያሉት ሰዎች ጆሮ አልደረሰም። አንዱ ሰፈር ሮቶውን አንኳኩቶ ያወቀውን ለጎረቤቱ ሳይነግር ቀረ እንደ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። መብራቶች ከትእዛዝ ይልቅ ከዕቃው ትክክለኛ ሁኔታ ጋር ተያያዙ። ተረኞች ምን እንደተሰበረ እስኪያውቁ ሳይጠብቁ በሚያዩት ምልክት ብቻ እንዲንቀሳቀሱ መመሪያው ተለወጠ። መቆጣጠሪያ ክፍሉን የሚመስል ሲሙሌተር ላይ መለማመድ ግዴታ ሆነ። ሥራውን በሰውና በማሽን መካከል በጊዜ የከፋፈሉም አሉ። በጀርመን የ30 ደቂቃ ደንብ የሚባል ነበር፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማሽኑ ብቻውን ይከላከል፣ ሰው እጁን ሰብስቦ ያስብ የሚል ነው። አሁን አንዳንድ አዳዲስ ማብላያዎች ኤሌክትሪክም ሰውም ሳይነካቸው ለ72 ሰዓት ራሳቸውን እንዲያቀዘቅዙ ተደርገው ይሠራሉ። ውሃው በስበት ይወርዳል፤ ሙቀቱ በራሱ ይወጣል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አላናንቀውም። ግን ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ጽሑፍ ላይ ያነሣችው ሐሳብ ከአእምሮዬ አይወጣም። ቀላሉን ሥራ ሁሉ ለማሽን ስንሰጥ ለሰው የሚተርፈው ከባዱ ብቻ ነው። ያንን ከባድ ሥራ የምንጠብቅበት ሰው ደግሞ ማሽኑ ሥራውን ስለወሰደበት እጁ የፈታ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ምንም ሳይሆን የኖረ ጣቢያ አንድ ቀን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉን እንዲያውቅ ይጠይቀዋል።

ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ እስከ አሜሪካ መሄድ አያስፈልገውም። ከጣራችን ላይ ሆኜ በስተደቡብ ከቦሌ የሚነሡትን አውሮፕላኖች አያለሁ። እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከዚያ ተነሣ። ገና ከመሬት እንደ ለቀቀ በግራ አፍንጫው በኩል ያለው የማዕዘን ሴንሰር 74.5 ዲግሪ የሚል የማይሆን ነገር ተናገረ፤ የቀኙ 15 ገደማ ይላል። አውሮፕላኑ ውስጥ የተተከለው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። የሐሰተኛውን ምስክር ቃል ተቀብሎ አፍንጫውን ወደ ምድር ገፋ። አብራሪዎቹ ወደ ላይ ሲስቡ እርሱ እንደገና ይገፋል። ሁለቱ ሴንሰሮች መለያየታቸውን መናገር የነበረበት ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። ከዚያ አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት አንድ የኢንዶኔዥያ አውሮፕላን በተመሳሳይ ምክንያት ወድቆ 189 ሰው እስኪሞት ድረስ፣ የሥርዓቱ ስም እንኳ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱን ያነበበ ሰው አንድ ቦታ ላይ ትንፋሹ ይቆማል። ከተነሡ ሁለት ደቂቃ ገደማ ላይ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ ኤሌክትሪኩ ከጭራው ማስተካከያ እንዲቋረጥ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ተናገረ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ተስማማ። አንዱ 25፣ አንዱ 29 ዓመቱ ነው። ታናሽ ተናገረ፣ አለቃ ሰማ፣ ማሽኑን ከጨዋታው አወጡት፤ የተባሉትንም አደረጉ። ግን በዚያ ፍጥነት ጭራውን በእጅ መዘውር ማስተካከል አልተቻለም። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስም አብሮ ተመለሰ። አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ ገና ስድስት ደቂቃ ቢሆነው ነው። የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ነፍሶች አለቁ።

የሥርዓቱ ሠሪዎች አብራሪው ችግሩን በአራት ሰከንድ ውስጥ ይለያል ብለው አስበው ነበር። አራት ሰከንድ! እዚህ ላይ ነው የማሽንና የሰው መተባበር ውል የሚፈርሰው። ማሽኑ ምን እያደረገ እንደሆነ አልተናገረም፣ ያመነበትን አላሳየም፣ ሲሳሳት ግን ሰው እንዲያርመው ተጠበቀ። አገራችን ይህን ትምህርት በልጆቿ ደም ገዝታዋለች። ነገ ማብላያ ለመሸጥ የሚመጣ ማንኛውም ኩባንያ ጠረጴዛ ላይ ልናቀርብለት የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚያው ሜዳ የመጣ ይመስለኛል። ማሽንህ የሚያምነው ስንት ምስክር ነው? ምስክሮቹ ሲለያዩ ለማን ይናገራል?

ማሽኑ ጭራሽ ዝም ሲልስ? መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ ምድር ተናወጠች። የፉኩሺማ ዳይቺ ማብላያዎች በትክክል ራሳቸውን አጠፉ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ማዕበሉ መጥቶ ጄኔሬተሮቹንና ባትሪዎቹን ዋጣቸው። የአንደኛውና የሁለተኛው ማብላያ የጋራ መቆጣጠሪያ ክፍል መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ደወሎቹም ተዘጉ። ከዚያ ተረኞቹ ግቢው ውስጥ ከነበሩ መኪኖች ባትሪ እየፈቱ አመጡ። በእጅ ባትሪ ብርሃን ሽቦ ከመለኪያዎቹ ጀርባ ጋር አያያዙ። ሌሊት ላይ የአንደኛው ማብላያ የውሃ መለኪያ ነፍስ ዘራ፤ ውሃው ከነዳጁ በላይ ነው አለ። ተረኞቹ እፎይ አሉ። መለኪያው ግን ከሙቀቱ የተነሣ የራሱ ማመሳከሪያ ውሃ ተንኖበት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ነዳጁ ከውሃ ወጥቶ መቅለጥ ጀምሯል።

ያው ማብላያ ያለ ኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዝ አሮጌ መሣሪያ ነበረው። ሲሠራ በሕንፃው ግድግዳ ላይ ካሉ ሁለት ቀዳዳዎች እንፋሎት ይወጣል፤ ሠራተኞቹ የአሳማ አፍንጫ ይሏቸዋል። እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ወጥቶ ቀዳዳዎቹን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ሰው ወጥቶ አየ፤ ጭል ጭል የምትል እንፋሎት አለች። ከተረኞቹ መካከል መሣሪያው ሲሠራ ከዚያ በፊት በዓይኑ ያየ ሰው ስላልነበረ ያቺ ጭላንጭል ምን ማለት እንደሆነች አላወቁም። በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚተፋው እንፋሎት እንደ ደመና የሚግተለተል ነበር። የእኛ ዘበኛ የሮቶውን ድምፅ የሚያውቁት ሙሉውንም ባዶውንም ብዙ ሌሊት ስላንኳኩ ነው።

በማግሥቱ የጣቢያው ኃላፊ ማሳዎ ዮሺዳ የባሕር ውሃ ማስገባት ጀምሮ ሳለ ቶኪዮ ካሉት አለቆቹ አቁም የሚል ቃል መጣበት። በቪዲዮ ስብሰባው ላይ ሁሉም እየሰማ ጮክ ብሎ “አቁሙ” አለ። ቀደም ብሎ ግን ለሠራተኛው ጠጋ ብሎ፣ የምለውን አትስማ፣ ማስገባቱን ቀጥል ብሎት ነበር። ውሃው አልተቋረጠም። ይህን ታሪክ ሳነብ ከጀግንነቱ በላይ ያስጨነቀኝ፣ ትክክለኛው ነገር እንዲሠራ በሹክሹክታ መባል የነበረበት መሆኑ ነው። እኛ አለቃ ፊት ቃል ማለስለስ፣ ሐሳብን በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚገባው መተው የለመድን ነን። በግጥም ያምርብናል። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ግን ጀማሪው ተረኛ የሃያ ዓመት ልምድ ያለውን ኃላፊ “ተሳስተዋል፣ ቫልቩ ክፍት ነው” ማለት የሚችልበት አማርኛ ያስፈልገናል። ያንን ልማድ ከማብላያው ጋር ማንም አይሸጥልንም። የ302 ረዳት አብራሪ እንደተናገረው በግልጽ መናገርና እንደ ካፒቴኑ መስማት እንደሚቻል ግን አይተናል።

ሰው መግባት በማይችልበት ቦታ ሮቦት ቢላክስ? ቼርኖቤል ላይ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከደረሰው አደጋ በኋላ፣ ጣራ ላይ የተበተነውን ፍርስራሽ እንዲያነሣ ከምዕራብ ጀርመን የመጣው ጆከር የተባለ ሮቦት ወዲያው ሞተ፤ የጨረራው መጠን ለሠሪዎቹ አሳንሶ ተነግሯቸው ነበርና። በምትኩ ከ3,000 የሚበልጡ ወታደሮች አካፋ ይዘው ለሰከንዶች እየወጡ ጠረጉት። ባዮሮቦት ተባሉ፤ ሕያው ሮቦት መሆናቸው ነው። ሰው ማሽኑን ስለ አደጋው ሲዋሸው ዋጋውን የከፈለው ሰው ሆነ። ፈረንሳይ ከዚህ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1988 ሮቦቶችን ለአደጋ ዝግጁ አድርጎ የሚያቆይ ቡድን አቋቋመች። በሮቦት የታወቀችው ጃፓን ግን ፉኩሺማ ሲደርስባት የተዘጋጀ ሮቦት በእጇ አልነበረም። ከአሜሪካ የመጡት ፓክቦቶች ሕንፃው ውስጥ የገቡት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

ጨረራውን እንኳ ቢችሉት ወፍራሙ ኮንክሪት የሬዲዮ ሞገድ ያፍናል፤ ስለዚህ ክዊንስ የተባለው የጃፓን ሮቦት እንደ በግ በገመድ ታስሮ ገባ። ጥቅምት ላይ ገመዱ ሁለተኛው ሕንፃ ውስጥ ተጠላልፎ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት ትንሽ ዋናተኛ ሮቦት ሦስተኛው ማብላያ ውስጥ ጠልቃ የቀለጠ ነዳጅ የሚመስል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ላይ ደግሞ ከሁለተኛው ማብላያ ናሙና ለማውጣት 22 ሜትር የሚዘረጋ መሣሪያ ተዘጋጀ። ሥራው ሊጀመር ሲል ቆመ፤ መሣሪያውን የሚገፉት ቧንቧዎች በተሳሳተ ቅደም ተከተል ተደርድረው ተገኙ። ለዓመታት የተለፋበት ማሽን በደርዳሪ እጅ ስህተት ተያዘ። ኅዳር ላይ በመጨረሻ የወጣው ናሙና 0.7 ግራም ነበር። ውስጥ የቀረው 880 ቶን ይገመታል።

ይህን የምጽፈው ማብላያ እንዳይሠራ ለመቃወም አይደለም። የዓለም አቀፉ ኤጀንሲ መመሪያ አንድ አገር ከሐሳብ እስከ የመጀመሪያው ኃይል ከ10 እስከ 15 ዓመት እንደሚፈጅበት ያስቀምጣል፤ ማሟላት ያለባትንም 19 ጉዳይ ይዘረዝራል። ሲሚንቶ ከመቦካቱ በፊት ጊዜ አለን ማለት ነው። እኔ የምለው፣ ያ ጊዜ ለሕንፃው የሚውለውን ያህል ለተረኛው ይዋል። የመጀመሪያዎቹ የመቆጣጠሪያ ክፍል ተረኞቻችን ምናልባት ዛሬ አሥረኛ ክፍል ናቸው። በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ ይሠለጥናሉ፤ ደወሉና መመሪያው በሩሲያኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሲደነግጡ ግን የሚጮሁት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው። ማሽኑና ተረኛው መግባባት መጀመር ያለባቸው ዛሬ ነው። ሲሙሌተሩ ከማብላያው ቀድሞ አገር ውስጥ ቢተከል፣ ተረኛውም መለኪያ ሲዋሸው በምን በምን እንደሚያውቀው እስኪሰለቸው ቢለማመድ እመርጣለሁ። መብራት በሚሄድበት አገር ደግሞ ማብላያው ከብሔራዊው ቋት ሲቆረጥ የሚተርፈው የራሱ ጄኔሬተርና ባትሪ ነው። ስለ እነርሱ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለ ማብላያው ከሚጠየቀው እኩል ጊዜ ይገባዋል።

የእኛ ሕንፃ ሣጥን ተቀየረ። አዲሱ ላይ ሁለት መብራት አለ፤ አንዱ ለትእዛዙ፣ አንዱ ከቧንቧው ከሚፈሰው ውሃ ጋር የተያያዘ። ቴክኒሻኑ ሲጨርስ ዘበኛው ምን ለውጥ እንዳለው ጠየቁት፤ አስረዳቸው። “ጥሩ ነው” አሉ። ባለፈው ሳምንት የሌሊት ፈረቃ የሚጋራቸው አዲስ ወጣት ተቀጥሮ መጥቷል። ማታ ስገባ ሁለቱም ጣራ ላይ ነበሩ። ሽማግሌው ያንኳኳሉ፣ ልጁ ጆሮውን ሮቶው ላይ ለጥፎ ውሃው የት ላይ እንደ ቆመ በጣቱ ያሳያል። “ትንሽ ዝቅ አድርገህ” ይሉታል፤ እንደገና ያንኳኳሉ።